የጌራ ምድሩ ሰውዬና የጠበበው አፎት

ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ወጉ የመንዝ ነው። መንዝ ስትሉ ማማ አለ፣ ላሎ አለ፣ ጌራ አለ፤ ሰውዬው የጌራ ምድር ነው። ስሙን እገሌ ብለን እንለፈው፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬም መሐል ሜዳ ገበያ ይወጣሉና «አያታችንን አማችሁት» እንዳይሉን።

እገሌ አንዲት ካራ ነበረችው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ጥሎት ከሄደው ካሚዮን ባሌስትራ የተቀጠቀጠች፣ በግ በተጣለ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ የሚዋሳት ካራ ናት። አፎቷን ለብቻው የገዛው በዘመን መለወጫ ገበያ ነበር። ያን ጊዜ መንዝ ጉም ለብሷል፤ የጓሳው ሣር ውሃ እንዳዘለ ነው፤ እረኛው ገሳውን ሳያወልቅ ይውላል። ቆዳውም እርጥበቱን ጠጥቶ ለስልሷል። ካራዋ ስትገባና ስትወጣ ድምፅ እንኳ አልነበራት። እገሌ ደስ ብሎት ወሰደና ከምድጃው በላይ ሰቀለው።

ጥቅምት ነፈሰ፣ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ውርጩን አነጠፈ። የቀኑ ፀሐይና የማታው ምድጃ ተባብረው ከቆዳው ውሃውን መጠጡት። ቆዳ ውሃ ሲያጣ ይሰበሰባል፤ ይደርቃል፤ ሰውዬው ግን ይህን ከየት ይወቅ? ገና አሥር ቀን ሲቀረው በጉን አየና ካራዋን አየ፤ ሞርዶ፣ ስሎ፣ ወደ አፎቷ ሊመልሳት ቢል እምቢ አለች። ገፋት። ግማሽ መንገድ ገብታ ቆመች። በጉልበቱ ተጭኖ ቢገፋት ደግሞ ገባች፤ ግን ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ስለቱ የጫፉን ስፌት በጥሶት ወጣ።

ወዲያው መካሪ በዛ። አንዱ ጎረቤት፣ «ፍል ውሃ ውስጥ ንከረውና ከእሳት ዳር አድርቀው፤ እኔ የራሴን ዛሬ ማታ እንደዚያ ነው የማደርገው» አለ። ሌላው «ካራዋን ሞርዳት፣ ትቅጠን» አለ። ሦስተኛው «ቅቤ አጠጣው» ሲል ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ «ቅቤው የገና ዶሮ ነው!» ብላ ነገሩን እዚያው ዘጋችው። ደግ አደረገች። ቅባት የበዛበት ቆዳ ይልማል፤ ከላመ በኋላ ቅርጹን አይዝም፤ ዛሬ የጠበበው ነገ ካራዋን እየጣለ ያስቸግራል። ካራዋን መሞረድም ከንቱ ነው፤ ጥፋቱ የቆዳው ሆኖ ሳለ ብረቷን ምን አድርጊ ነው የሚሏት?

ስለ ፍል ውሃው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ያዙልኝ።

እገሌ በሶውን ቋጥሮ፣ ካራዋን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አፎቱን በብብቱ ይዞ ቁልቁል ወረደ። ወንጪት በክረምት ሰውም በቅሎም የሚያሳልፍ አይደለም፤ በታኅሣሥ ግን በእግር ይሻገሩታል። ተሻግሮ መርሐቤቴ ገባ። እዚያ አንድ ቆዳ የሚያለፉ ሽማግሌ እንዳሉ ገበያ ላይ ሰምቷል። የአገሩ ዳዊት ማኅደሩ የሚሰፋበት ቆዳ በእሳቸው እጅ ነው የሚለፋው። ማኅደሩን የሚያነግተው ሰው ግን ከቤታቸው ገብቶ ውሃ አይጠጣም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው እንዳትሰድቡ ብለው አስነግረዋል። አዋጁ ጆሮ ላይ ደርሷል፤ ማዕድ ላይ ግን አልደረሰም።

እገሌም ከደጃፉ ቆሞ፣ «አንተ ሰውዬ! ይህን አፎት አስፋልኝና ልመለስ፣ መንገደኛ ነኝ» አለ።

ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «ካራዋን ስጠኝ» አሉ። ከምጣዱ ሥር ጥላሸት ጠርገው የካራዋን ሁለት ጎን ለቀለቁ። ሳይገፉ፣ እስከምትሄድበት ድረስ ብቻ ሰደዷትና መልሰው መዘዟት። ጥላሸቱ ከመካከሏ በአንድ ጎን ተጠርጎ ብረቱ አብረቅርቋል።

«አፎት ሦስት ቦታ ይይዛል» አሉ። «አፉ ላይ የያዘ እንደሆነ ከንፈሩን ከርከም አድርጎ በሰም ማሸት ይበቃል። ጫፉ ላይ የያዘ እንደሆነ ወይ ጉድፍ ገብቶበታል፣ ወይ ሰፊው ስፌቱን ቸኩሎ ዘግቶታል። ያንተው ሆዱ ላይ ነው የያዘው። ቆዳው ደርቆ ተኮማትሯል።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሌሊት።»

ሰውዬው ሊቆጣ አሰበ፤ ግን ዳገቱ ትዝ አለው። ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ወይራ አንስተው የካራዋን አምሳያ ጠረቡ፤ ከእሷ ጥቂት ብቻ ወፈር ያለ፣ ስለት የሌለው የእንጨት ካራ ነው። ዳርና ዳሩን አለስልሰው ሰም ቀቡት። የተበጠሰውን የጫፍ ስፌት ፈቱና በስለቱ በኩል፣ በሁለቱ ቆዳ መካከል ቀጭን የቆዳ ሰቅ አስገቡ፤ ከእንግዲህ ስለቱ ቢስት የሚያገኘው ያንን ነው፣ ክሩን አይደለም። በወስፌ እየበሱ በጅማት መልሰው ሰፉት። ከዚያ አፎቱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አጠለቁት፤ አረፋው እስኪያቆም ጠብቀው አወጡትና የወይራውን ካራ ቀስ እያሉ ሰደዱበት፤ ላዩን በአውራ ጣታቸው እየጫኑ አስተኙት። በጓሳ ገመድ አስረው፣ ከምድጃውም ከፀሐዩም አርቀው፣ ነፋስ ከሚያገኘው ጥግ ሰቀሉት።

«ካራዋ ራሷ ለምን አልገባችም?» አለ እገሌ።

«የለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ብረት ከነካ ይጠቁራል፤ ብረቱም ይዝጋል። እንጨት ካጣህ ካራዋን ቅባት በነካው ጨርቅ ጠቅልለህ አስገባ። የደረቀ አፎት ውስጥም ቢሆን ከርማ አትደር፤ ቆዳ እርጥበት አይጠላም፣ ብረት ግን ይጠላል።»

የመጀመሪያውን ማታ የሽማግሌው ባለቤት የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡ። እገሌ «ጠግቤያለሁ» አለና ፊቱን አዙሮ በሶውን በጠበጠ። በማግስቱ አፎቱ ሲዳሰስ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ የቀዘቀዘ ቆዳ ውስጡ ውሃ አለ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌው እምቧይ ሲወቅጡ፣ ቆዳ ሲያለፉ ተቀምጦ አየ። ሲመሽ በሶው አልቋል። እንጀራው ዳግም ቀረበ። እገሌ እጁን ታጠበ፤ ቆረሰም። «ሽሮው ግሩም ነው፣ እናቴ» አለ። በዚያው ሌሊት ሽማግሌው አልፍተው ባነጠፉለት ቁርበት ላይ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ የወይራው ካራ ተመዘዘ። ካራዋ ገባች። ሽማግሌው አፎቱን ዘቅዝቀው ነቀነቁት፤ አልወደቀችም። በሁለት ጣት ሳቧት፤ መጣች። «ይኼው ነው ልኩ» አሉ። «የጠበበ አፎት ያናድዳል፤ የሰፋ አፎት ግን ጭን ይቆርጣል።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፤ ስንት ልክፈልዎት?» አለ እገሌ። ከፈለና ወጣ።

አሁን ወደዚያ ፍል ውሃ ልመለስላችሁ። ያልለፋ ቆዳ በውሃ ውስጥ ሙቀቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይጨማደዳል። በዛፍ ቅርፊትና በፍሬ የለፋው ትንሽ ይታገሣል፤ የፈላ ውሃን ግን አይችልም። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው በክሮም የለፋ ቆዳ ሙቀቱን ይችለዋል፤ ችግሩ ነክራችሁ ቅርጽ ልታስይዙት ብትሉ እሺ አይልም፣ ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንዲያ ያለ አፎት የጠበባችሁ እንደሆነ ስፌቱን ፈታችሁ ትርፍ ካለው ራቅ አድርጎ ከማሰፋት ሌላ መላ የለውም።

እገሌ አገሩ ሲገባ ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡ። ካራዋን መዘዘ፣ መለሰ፣ መዘዘ። ተገረሙ። «የት አደርክ?» አሉት። ከማን ቤት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። አንዳንዱ ተያየ፤ አንዳንዱ መሬት አየ።

ፍል ውሃ ሲመክር የነበረው ጎረቤት ከጋቢው ሥር አንድ ነገር አወጣ። የራሱ አፎት ነው፤ ተኮማትሮ፣ ተጣሞ፣ እንደ እንጨት ደርቋል።

«ይኼስ ይድናል?»

«አይድንም» አለ እገሌ። «በእሳት የተጨማደደ አይመለስም። ሂድና አዲስ ይሰፉልሃል። ሁለት ሌሊት ነው የሚያሳድሩህ፤ በሶ ቋጥረህ እንዳትሄድ።»