ማውስና ዶስ፤ የአንድ ትንሽ ፕሮግራም ታሪክ (ከ1983 እስከ 1998)

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፤ ማውስ የተባለው መሣሪያ ዶስ በሚባለው አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ እንዴት ይተከል እንደ ነበረና አልሠራ ሲልም ተጠቃሚው ጥፋቱን እንዴት ይፈልገው እንደ ነበረ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ስለ ማውስ የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው መሣሪያውን በፈለሰፉት ሰዎች ላይ ነው። መሣሪያውንና ኮምፒዩተሩን ስላስማማው ድራይቨር ስለ ተባለው ፕሮግራም ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። እኛ እንደሚመስለን ማውስ በዶስ ላይ ሊለመድ የቻለው በመሣሪያው ብልሃት ብቻ ሳይሆን፤ ይልቁንም ድራይቨሩ ባቆመው የጋራ ስምምነት ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ከዶስ በፊት

የመጀመሪያውን ማውስ በ1960ዎቹ ዓመታት የሠሩት በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የነበሩት ዳግላስ ኤንግልባርትና የሥራ ባልደረባቸው ቢል ኢንግሊሽ ናቸው። ቅርፊቱ የእንጨት ሲሆን፤ ከሥሩ አንዱ ወደ ጎን አንዱ ወደ ፊት የሚዞሩ ሁለት መንኰራኵሮች ነበሩት። ኤንግልባርት መሣሪያውን ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለሕዝብ አሳዩ፤ የፈጠራ መብቱም በ1970 ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ዜሮክስ በ1973 አልቶን፤ በ1981 ስታርን፤ አፕልም በ1983 ሊዛን፤ በ1984 ማኪንቶሽን ከነማውሳቸው አወጡ።

በነዚህ ማሽኖች ላይ መሣሪያውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የአንድ ቤት ሥራ ስለ ነበሩ፤ ተጠቃሚው ድራይቨር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። በነሐሴ 1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም ፒሲ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዶስ ትእዛዝ የሚቀበለው ከፊደል ገበታ ነበረ፤ ስለ ማውስ የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረውም። ማውስ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1982፤ ማይክሮሶፍትም በ1983 ለዚህ ማሽን የሚሆን ማውስ ለገበያ አቀረቡ። የማይክሮሶፍቱ ባለ ሁለት ቁልፍ ሲሆን ዋጋው 195 ዶላር ነበረ። እንግዲህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የማያውቀውን መሣሪያ ከፕሮግራሞች ጋር ማን ያስተዋውቅ? ጥያቄው ይህ ነበረ።

2. ስምምነቱ

መልሱ ድራይቨሩ ሆነ። ይህ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ከማስታወሻው ሳይወጣ ተቀምጦ ከማውሱ የሚመጣውን ምልክት ይሰማል። ማንኛውም ሌላ ፕሮግራም ስለ ማውስ መጠየቅ ሲፈልግ አንድ የታወቀ የማቋረጫ ጥሪ ይጠራል፤ ቁጥሩም በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 33፤ በተራው አቆጣጠር 51 ነው። ከዚህ ጥሪ በታች አገልግሎቶቹ በተራ ቁጥር ተከፍለዋል። 0 «ማውስ አለ ወይ? ቁልፎቹስ ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ 1 ጠቋሚውን ምልክት ያሳያል፤ 2 ይደብቀዋል፤ 3 ጠቋሚው ያለበትን ቦታና የተጫነውን ቁልፍ ይናገራል።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ትልቅ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ማውሱ በራሱ ካርድ ላይ ይሰካ ወይም በሴሪያል ፖርት፤ የማን ፋብሪካ ሥራም ይሁን ማወቅ አላስፈለገውም። ሎጂቴክን የመሳሰሉ ሌሎች አምራቾችም ድራይቨራቸው ይህንኑ ጥሪ እንዲመልስ አድርገው ሠሩ። ስለዚህ በ1980ዎቹ የተጻፈ አንድ የሥዕል ፕሮግራም ከተጻፈ በኋላ በተፈለሰፈ ማውስ ሊሠራ ቻለ።

ከጥሪው በታች ግን አንድነት አልነበረም። በማይክሮሶፍት ዘዴ ማውሱ በሴሪያል መስመር በ1200 ባውድ ፍጥነት በ7 ቢት እየከፈለ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በ3 ባይት ይልካል። የማውስ ሲስተምስ ዘዴ ፍጥነቱ ያው ሆኖ በ8 ቢትና በ5 ባይት ነው። ድራይቨሩ በአንዱ ቋንቋ ሲጠብቅ ማውሱ በሌላው ከተናገረ ጠቋሚው ወይ ይዘላል ወይ ከነአካቴው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ብዙ ባለ ሦስት ቁልፍ ማውሶች ከሥራቸው ከሁለቱ ዘዴዎች አንዱን የሚመርጡበት ትንሽ ማብሪያ ነበራቸው።

3. አተካከሉ

ድራይቨሩ ከማውሱ ጋር በፍሎፒ ዲስክ ይመጣ ነበረ። የሚተከልበትም መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፤ ማውስ ነጥብ ሲስ የተባለውን ፋይል ኮንፊግ ነጥብ ሲስ በሚባለው የማስጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ «ዲቫይስ» በሚለው ትእዛዝ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፤ ማውስ ነጥብ ኮም የተባለውን ፋይል በአውቶኤግዜክ ነጥብ ባት ውስጥ ማስገባት ወይም ባስፈለገ ጊዜ ስሙን ጽፎ ማስነሣት ነው። ሁለቱን መንገዶች በአንድነት መጠቀም ትርፍ የለውም።

የዚህ ሥራ ዋጋው በማስታወሻ ይከፈል ነበረ። በዶስ ላይ ፕሮግራሞች በነጻ የሚሠሩበት ቦታ 640 ኪሎባይት ብቻ ስለ ሆነ፤ ድራይቨሩ የሚይዘው ጥቂት ኪሎባይት አንድን ትልቅ ፕሮግራም እንዳይነሣ ሊከለክለው ይችላል። በ1991 የወጣው ዶስ 5 ድራይቨሮችን ከ640 ኪሎባይት በላይ ወዳለው ስፍራ ለማስቀመጥ የሚያስችል ትእዛዝ ስላመጣ ችግሩ ተቃለለ።

በ1992 በወጣው ዊንዶውስ 3.1 ላይ ደግሞ ብዙዎችን ያሳሳተ ነገር ነበረ። ዊንዶውስ የራሱ የማውስ ድራይቨር ስለ ነበረው ማውሱ በዊንዶውስ ውስጥ በሚገባ ይሠራል። በዚያው ውስጥ የሚከፈቱት የዶስ ፕሮግራሞች ግን ማውስ እንዲያገኙ የዶሱ ድራይቨር ከዊንዶውስ በፊት መጫን ነበረበት። ይህን ያላወቀ ሰው፤ በአንዱ መስኮት የሚሠራ ማውስ በሌላው ለምን እንደማይሠራ ሊገባው አይችልም።

4. ጥፋት ፍለጋ

ልምድ ያለው ሰው ጥፋትን የሚፈልገው ከቀላሉ ጀምሮ ነው። ጠቋሚው የሚንቀሳቀሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ወይም እየተንቀጠቀጠ ከሆነ፤ ብዙ ጊዜ በደሉ የድራይቨሩ ሳይሆን ከኳሱ ሥር ባሉት ዘንጎች ላይ የተጠመጠመው አቧራ ነው። ኳሱን አውጥቶ ዘንጎቹን መጥረግ ይበቃል። ቀጥሎ የሚታየው ከላይ የተነገረው ማብሪያ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የማቋረጫ መስመር ግጭት ነበረ። በፒሲ ላይ ሴሪያል ፖርት 1 እና 3 መስመር 4ን፤ ፖርት 2 እና 4 ደግሞ መስመር 3ን ይጋራሉ። ስለዚህ ማውስ በፖርት 1፤ ሞደም በፖርት 3 ከተተከሉ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲፈተኑ ጤነኞች ናቸው። ሞደሙ ስልክ መደወል ሲጀምር ግን ማውሱ ቀጥ ይላል። መድኃኒቱ አንደኛውን ወደ ፖርት 2 ወይም 4 ማዛወር ነው። ይህን ሳያውቅ ደኅናውን ማውስ ጥሎ አዲስ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል።

ጥፋቱ በፕሮግራሙ ጸሐፊ ዘንድ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ድራይቨሩ ጠቋሚው የተደበቀበትን ጊዜ ይቈጥራል። አንድ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ደብቆ አንድ ጊዜ ብቻ ካሳየ ጠቋሚው አይታይም፤ ተጠቃሚው ግን ማውሱ ሞተ ብሎ ያምናል።

5. ሸክሙ ሲዛወር

አይ ቢ ኤም በ1987 ባወጣው ፒኤስ/2 ማሽን ላይ ማውስ የራሱን መሰኪያና የራሱን የማቋረጫ መስመር፤ ይኸውም መስመር 12ን አገኘ። ከሞደም ጋር የነበረው ጠብ በዚህ ቀረ። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 1995 ባወጣው ዊንዶውስ 95 ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መሣሪያውን ራሱ ፈልጎ ድራይቨሩን መትከል ጀመረ። የዩኤስቢ ደንብ በ1996 ወጣ፤ በ1998 የወጣው ዊንዶውስ 98ም የተለመዱትን የዩኤስቢ ማውሶች ያለ ልዩ ዲስክ ይቀበል ጀመር። በዚህ ዓይነት ቀድሞ ተጠቃሚው ይሸከመው የነበረው ሸክም ወደ አምራቹና ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተዛወረ።

አሮጌው ስምምነት ግን ከዚህ ጋር አልጠፋም። በ1994 በተጀመረው ፍሪዶስ ላይ ኪዩትማውስ የተባለው ነጻ ድራይቨር ዛሬም ያንኑ ቁጥር 33 ጥሪ ይመልሳል። አሮጌ ፕሮግራሞችን በአዲስ ማሽን ላይ የሚያስኬደው ዶስቦክስም እንዲሁ ነው። በአያሌ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ ባዮስ የዩኤስቢውን ማውስ የፒኤስ/2 አስመስሎ ለዶስ ያቀርብለታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፤ መሰኪያው አራት ዓይነት ሲለዋወጥ ጥሪው ሳይለወጥ መኖሩ፤ ከመሣሪያ ይልቅ ስምምነት ረዥም ዕድሜ እንዳለው ያስረዳል። ሁለተኛ፤ ሸክሙ ከተጠቃሚው ሲወርድ ዕውቀቱም አብሮ ወርዷል። ይህን በመጸጸት አንናገረውም፤ ለማውስ ሲባል የማቋረጫ መስመር ማጥናት ለማንም ደስታ አልነበረም። ሆኖም በነዚያ ማሽኖች የተጻፉ ሰነዶችና የተሳሉ ሥዕሎች ዛሬም በየዲስኩ አሉ። እነርሱን ከፍቶ ማንበብ የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ አንድ ቀን ጠቋሚው በማይንቀሳቀስበት ማሽን ፊት ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ዘንጉን፤ ማብሪያውንና የማቋረጫ መስመሩን በቅደም ተከተል መመርመር የሚችል ሰው ሰነዱን ያነብባል፤ የማይችለው ግን ደጅ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ይህን የመሰለውን ትንሽ ዕውቀት ጽፎ ማቆየት የታሪክ ሥራ ክፍል ነው እንላለን።