በትእዛዝ የተወለደ ባንድ

«ሌላ ሰው መርጦ የሰበሰበው ባንድ ሙዚቀኛ ይባላል ወይ?» የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ለታየ የቴሌቪዥን ትርኢት ተመርጠው የተሰባሰቡት የአሜሪካ «መንኪስ» ሲታሙበት ኖረዋል። ለእኛ ግን ነገሩ የሩቅ ሐሜት አይደለም፤ የዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ራሱ በትእዛዝ ነውና።

ቀድሞ የሐረር ገዥ የነበሩት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ አስመጥተው የማርሽ ባንድ አቋቋሙ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923ቱ የንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ኋላም ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ የዘፈኑበት የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የመንግሥት ሥሪት ነበር።

እርግጥ ትእዛዝ ዋጋ ያስከፍላል፤ የጦር ክፍል ሙዚቀኛ በላዩ አለቃ አለበት። በአንጻሩ የድሬዳዋው «አፍረን ቀሎ» ወጣቶች በራሳቸው ፈቃድ ያቋቋሙት ነበር። ይሁንና ከዚያ የተነሣው አሊ ቢራ በክቡር ዘበኛም ዘፍኗል። በትእዛዝ ቤት መግባቱ ሙዚቀኛነቱን አልፋቀውም።

የሐረሩ ፈረስ መጋላ ትርጉሙ «የፈረስ ገበያ» ነው፤ ዛሬ ግን አደባባዩን በፈረስ ንግድ የሚመዝነው የለም። ባንድም በአመሠራረቱ ሳይሆን በጨዋታው ይመዘን። ይልቅስ ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው፤ እነዚያን ልጆች ዛሬም በየስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው፣ «አርባ ልጆች» እያልን ነው የምንጠራቸው።