ከካዛንቺስ እስከ ጣርማበር

ከካዛንቺስ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል የደሴን መንገድ ለመያዝ ያሰበ ተጓዥ፣ መነሻውም የጉዞው ዋና መስህብም የአንድ ዘመን ሥራ መሆናቸውን ቢያውቅ መልካም ነው። ካዛንቺስ የተቆረቆረው የጣሊያን ወራሪ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ሲያሠራ ነው። በእነዚያው ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የጣርማበርን ተራራ ያስፈለፍል ነበር። የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ የጣርማበር ዋሻ ግን ቆሟል።

መንገዱን በደፈናው የጣሊያን ሥራ ማለት ግን ልክ አይደለም። ወራሪው ሳይደርስ በፊት ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ መኪና የሚያስኬድ ጥርጊያ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኅዳር 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ለጦርነቱ ወደ ደሴ ተነሡ። በዚያው ሰሞን የውጭ አገር ጋዜጠኞችም በካሚዮን ተጉዘዋል፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ አንዱ ነበር። የጣርማበር ዳገት ያኔም አስቸጋሪ፣ በዝናብ ጊዜም ጭቃ የሚውጠው ነበር፤ ቢሆንም መንገድ ነበር።

ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከ1,700 በላይ መኪኖች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ። ጣርማበር ላይ እንዲከላከሉ የተላኩት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ስዊድናዊው መምህራቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ነበሩ። እጃቸው ላይ የነበረው ኃይል ያን ሁሉ ሠራዊት የሚመክት አልነበረም። ሆኖም የገደሉ መንገድ በፈንጂ ስለፈረሰ፣ ያ ሁሉ መኪና ዳገቱ ላይ ተገትሮ መሐንዲሶቹ እስኪጠግኑለት ሁለት ቀን ያህል ጠበቀ። በዘመቻው ትረካ ይህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ለእኔ ግን የመንገዱ ታሪክ ዋና ገጽ ነው። ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

ጣሊያን ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን በድንጋይ ግንብ ደግፎ፣ ተራራውን በስቶ፣ ዋሻውን በሙሶሊኒ ስም ጠራው። ብዙ አልቆየበትም። ጣሊያንን ለማስወጣት ከአዲስ አበባ በዚሁ መንገድ የዘመተው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ደሴን የያዘው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ባዶሊዮ ከዚያችው ከተማ በተነሣ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጠጋኝ ያጣው መንገድ እየተቦረቦረ ሄደ። መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ።

ዛሬ የሚሄድ ሰው በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አልፎ ደብረ ብርሃን ቁርሱን ይበላል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ገብስና ብርድ ነው፤ ጣርማበር ሲደርስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ብዙ ቀን ጉም ስለሚጋርደው ዋሻው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከወጡም በኋላ መብራት አይጠፋም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፤ ከተማው ሲደርሱ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከባሉ። በቅርብ የምኒልክ መስኮት የሚባለው ቦታ አለ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ስለሚዘጋ፣ ከመነሣት በፊት በዚያው መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ የግድ ነው።