የድሬ ዳዋ ባቡርና የደጋው ጎልፍ

ጎልፍ ሥር የሰደደው በስኮትላንድ ባሕር ዳር፣ በአሸዋማ ሜዳ ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የደረሰው ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ሲሆን፣ የብዙዎቹ መንገድ በድሬ ዳዋ በኩል ነበር። የጅቡቲው ባቡር ወደ ሐረር የሚያወጣው አቀበት ከባድና ውድ ስለሆነበት በ1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ወንዝ ዳር ቆመ፤ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከድሬ ዳዋ እስኪቀጥል ድረስ ዲፕሎማቱም ነጋዴውም ከዚራ በተባለው የባቡር ጣቢያው ሰፈር ወርዶ ጓዙን በግመልና በበቅሎ ያስጭን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሳምንታት ጉዞ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝ ለጋሲዮን (የዛሬው ኤምባሲ) አፄ ምኒልክ በሰጡት ሰፊ ግቢ፣ በእንጦጦ ግርጌ ሰፈረ። ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ የተዘረጋውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷ ከባሕር ዳሩ ይልቅ ርቃ ትሄዳለች፤ ለእንግዳ ተጫዋች ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ሆኖም የኤምባሲ ግቢ እንደ ልብ አይገባበትም፤ ስለዚህ ለእንግዳ ተጫዋች የሚመከረው እዚያው አዲስ አበባ ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር ያለው የጎልፍ ክለብ ነው።

የመንገዱ በር የነበረችው ድሬ ዳዋ ግን የምትገኘው 1,200 ሜትር ግድም ላይ ነው። ሙቀቷ ብርቱ፣ ዝናቧም ጥቂት ስለሆነ ለጎልፍ የሚሆን ሰፊ ሣር ማልማት ብዙ ውኃ ይጠይቃል፤ ከዚራም የታወቀችው በሣር ሜዳ ሳይሆን በዛፍ ጥላዋ ነው።