የሰፈር ክለብና የእንግዳ ሊግ፦ የጁባ የስፖርት ክለቦች ታሪክ

በዘመናዊው የስፖርት አደረጃጀት «የማስፋፊያ ክለብ» የሚባለው፣ አንድ ሊግ በነባር አባላቱ ሳይወሰን ጨዋታው ሥር ወዳልሰደደበት ከተማ ተሻግሮ የሚያቋቁመው ወይም እንዲገባ የሚፈቅድለት አዲስ ክለብ ነው። አሠራሩ በስፋት የታወቀው በሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ በዚያ በሊጉ ውስጥ የመወዳደር መብት ራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት ስለሆነ፣ የሊጉ ባለቤቶች በቂ ሕዝብ፣ ገንዘብና አዳራሽ አለ ብለው ባመኑበት ከተማ አዲስ ክለብ እንዲቆም ይፈቅዳሉ። ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። የበረዶ ሆኪን ወደ ሞቃታማው ደቡብ ለመውሰድ በተደረገው ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአትላንታ ክለብ በ1980 ወደ ካናዳዋ ካልጋሪ ተዛወረ፤ በ1999 በአትላንታ የተተካው ሁለተኛው ክለብም በ2011 ወደ ዊኒፔግ ሄደ፤ በ2017 በበረሃማዋ ላስ ቬጋስ የተቋቋመው ክለብ ግን በስድስተኛ የውድድር ዘመኑ ዋንጫ አነሣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያሉ ክለቦች ለምን እንደሚከስሙ ወይም እንደሚዘልቁ የሚመረምሩ ጸሐፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝኑት የገበያውን ስፋት፣ ማለትም የነዋሪውን ቁጥርና የመክፈል አቅሙን ነው። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የጁባ ታሪክ ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። የአህጉሪቱ ውድድሮች ወደ ጁባ የመጡት ከ2011 ወዲህ፣ ከተማዋን እንደ አዲስ መስክ ቆጥረው ነው፤ ክለብና ደጋፊ ግን በጁባ ከእነርሱ በፊት ነበሩ። በመሆኑም በዚህች ከተማ መጠየቅ ያለበት ሕዝቡ ጨዋታውን ይወድዳል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ከውጭ የመጣው ሊግ ቀድሞ ከነበረው የሰፈር ክለብ ጋር ምን ያህል ተያይዟል የሚለው ነው።

ጁባ የተቆረቆረችው በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር የአካባቢውን የአስተዳደር መቀመጫ ከሞንጋላ አንሥቶ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደሚገኘው የባሪ ሕዝብ ምድር ባዛወረ ጊዜ ነው። ከተማዋ ያደገችው የሹማምንት መኖሪያ፣ የግሪክና የሰሜን ሱዳን ነጋዴዎች መንደር፣ እንዲሁም ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ወታደሮችና ሌሎች ሲቪሎች የሚኖሩበት ማላኪያ ተብላ ተከፋፍላ ነበር። ይህ አከፋፈል ለስፖርቱ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ስማቸው ከሚነሣው የጁባ እግር ኳስ ክለቦች ውስጥ ማላኪያ፣ አትላባራ፣ ካቶርና ሙኑኪ የሚጠሩት በሰፈሮቻቸው ስም ነው። ከእነዚህ ጎን የጁባው አል-ሂላልና የጁባው አል-መሪኽ ይገኛሉ፤ ስማቸውን የወረሱት ከሁለቱ የኦምዱርማን ታላላቅ ክለቦች ሲሆን፣ በዚህም የሰሜኑ የእግር ኳስ ፍቅር ጥምር አስተዳደሩ በ1920ዎቹ በደቡብና በሰሜን መካከል ያጠረውን የመንቀሳቀስና የንግድ እገዳ ውሎ አድሮ ተሻግሮ መዝለቁን ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ደቡብ ሱዳንን «ባህሉ የሌላት» አገር አድርጎ መቁጠር ታሪኩን መዘንጋት ነው። የሱዳን እግር ኳስ ማኅበር የተመሠረተው በ1936 ነው፤ በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ ሲቋቋምም ሱዳን ከግብፅ፣ ከኢትዮጵያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በካርቱም ተካሄደ። ጁባ በዚያን ጊዜ የመሥራቿ አገር አካል ነበረች፤ ነገር ግን የክለቦቹ ሀብትና የማኅበሩ ውሳኔ በሰሜኑ ማዕከል ተከማችቶ ስለነበር፣ ደቡቡ ከዚያ ሁሉ ታሪክ የወረሰው የጨዋታውን ፍቅር እንጂ የጨዋታውን ተቋም አልነበረም።

የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት በ1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ሲቆም ጁባ የደቡቡ ራስ ገዝ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት። ያ የሰላም ዘመን አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ። በ1983 ጦርነቱ ካገረሸ በኋላ ከተማዋ የመንግሥት ጦር የሚጠብቃት፣ በዙሪያዋ በአማፂያን የተከበበች፣ ከገጠር በተፈናቀሉ ሰዎች የተጨናነቀች የጦር ሰፈር ሆነች፤ በ1992 የአማፂው ጦር ወደ መሐሏ ዘልቆ ለመግባት ሁለት ጊዜ ሞክሯል። እንዲህ ባለች ከተማ ከሌላ ክፍለ ሀገር ቡድን ጋር ተመላልሶ መጫወት የሚታሰብ አልነበረም። ሊግ ሰላማዊ መንገድ ይፈልጋል፤ የሰፈር ክለብ ግን ክፍት ቦታና የሚሰባሰቡ ወጣቶች ካገኘ ሊኖር ይችላል። የሰፈሮቹ ስም ከነጻነት በኋላ በብሔራዊው ውድድር ግንባር ላይ መገኘቱ በዚህ ምክንያት የሚያስገርም አይደለም።

ነጻነት በሐምሌ 9 ቀን 2011 በታወጀ ማግሥት፣ የአዲሲቱ አገር ቡድን በጁባ ስታዲየም ከኬንያው ተስከር ክለብ ጋር ተጫውቶ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ካፍ፣ በግንቦት 25 ደግሞ የዓለም እግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊፋ፣ አገሪቱን 209ኛ አባል አድርጎ ተቀበላት፤ በሐምሌ 10 ቀን 2012 በዚያው ሜዳ የተደረገውና በፊፋ የታወቀው የመጀመሪያ ጨዋታ ከኡጋንዳ ጋር 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። አባልነቱ ለክለቦችም በር ከፈተ፤ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና በዚያው ዓመት የዋዉን ሰላም ክለብ ሲጋብዝ፣ ክለቡ በሩዋንዳው ኤ.ፒ.አር. እና በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ሰባት ሰባት ጎል ተቆጠረበት። ይህ ውጤት ማንንም ሊያሳፍር አይገባም። ተጋጣሚዎቹ የዓመታት የሊግ ልምድ ያላቸው ሲሆኑ፣ ሰላም ዋዉ የተወከለው ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ካለው የብሔራዊ ውድድር ነበር።

ያ ብሔራዊ ውድድር ራሱ የአገሪቱን መልክዓ ምድር ተከትሎ የተቀረጸ ነው። የጁባ፣ የዋዉ፣ የማላካልና የሌሎች ከተሞች ማኅበራት የየራሳቸውን ሊግ ያካሂዳሉ፣ አሸናፊዎቹም በመጨረሻ ለብሔራዊው ዋንጫ ይገናኛሉ፤ በክረምት መንገዱ በጭቃ በሚዘጋበትና ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ አውሮፕላን ግድ በሚሆንበት አገር፣ እያንዳንዱ ክለብ ከእያንዳንዱ ጋር በደርሶ መልስ የሚጫወትበትን ሥርዓት መዘርጋት ክለቦቹን በአንድ ዓመት ማክሰር ይሆን ነበር። ከውጭ ሲያዩት ኋላቀር የሚመስለው ይህ አደረጃጀት በእውነቱ ከአቅም ጋር የተስማማ ጥበብ ነው። በታኅሣሥ 2013 በጁባ የፈነዳውና በሐምሌ 2016 እንደገና ያገረሸው ጦርነት ሁሉን ነገር ሲያናጋ እንኳ፣ በመሐሉ፣ በመስከረም 5 ቀን 2015፣ ብሔራዊ ቡድኑ በጁባ ኢኳቶሪያል ጊኒን 1 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ድል አስመዝግቧል።

ክለቦቹን ከጦርነቱ ባልተናነሰ የጎዳው ገንዘቡ ነው። የመንግሥት ገቢ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በነዳጅ ላይ ስለቆመ፣ የነዳጅ ምርት በ2012 መጀመሪያ ሲቋረጥም ሆነ ዋጋው በኋላ ሲወርድ ለስፖርት የሚተርፍ በጀትም ሆነ ደጋፊ ነጋዴ ጠፋ። በታኅሣሥ 2015 መንግሥት የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ2.96 ፓውንድ ወደ 18.5 ፓውንድ ገደማ ዘለለ። ክለብ ከመግቢያ የሚሰበስበው ፓውንድ ነው፤ ለአውሮፕላን ትኬት፣ ለሆቴልና ለኳስ የሚከፍለው ግን ዶላር ነው። ስለሆነም ለአህጉራዊ ውድድር ማለፍ በሌላ ከተማ የሀብት በር ሲሆን፣ በጁባ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ዕዳውን ያባባሰው የሜዳ ጉዳይ ነው። ካፍ ስታዲየሞች ሊያሟሉ የሚገባቸውን መስፈርት ሲያጠብቅ፣ የሩምቤኩ ዛላን ክለብ በመስከረም 2022 ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከያንግ አፍሪካንስ ሲገናኝ፣ የራሱ የሜዳ ጨዋታ የተባለውም ሳይቀር በዳሬሰላም፣ በተጋጣሚው ከተማ ተካሄደ። ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በሐምሌ 2022 ኢትዮጵያና ደቡብ ሱዳን በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች ለተዘጋጀው የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ ማለትም ለቻን፣ ማጣሪያ ሲገናኙ ሁለቱንም ጨዋታዎች ያደረጉት በታንዛኒያ ነው፤ ሁለቱም ጎረቤታሞች በራሳቸው ምድር የተፈቀደ ሜዳ አልነበራቸውምና። ደጋፊው በሌለበት የሚደረግ የሜዳ ጨዋታ ለክለቡ ከወጪ በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ከዋና ከተማ ርቆ የሚቋቋም ክለብ ዘለቄታ በኢትዮጵያም የተፈተነ ነው። በ1935 በአራዳ ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ ክለቦች በገነኑበት ውድድር፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2018 ገና በመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2022 ግን ወረደ። በ2019 ዋንጫውን የወሰደው መቐለ 70 እንደርታ በ2020 መጨረሻ በተነሣው ጦርነት ከሊጉ ለዓመታት ተለየ። ዋንጫ የክለብን ዕድሜ እንደማያረጋግጥ ከእነዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል፤ መቐለ ወደ ሊጉ የተመለሰውም የሚጠብቀው ከተማና ደጋፊ ስለነበረው ነው።

የጁባን ጉዳይ ይበልጥ የሚያወሳስበው የቅርጫት ኳስ ነው፤ ይህ ጨዋታ ያደገው ከአገር ይልቅ በስደት ነውና። ቁመቱ 2.31 ሜትር የነበረው ማኑት ቦል በ1985 ወደ አሜሪካው ኤን.ቢ.ኤ. ከገባ በኋላ ለሕዝቡ የጨዋታው ምልክት ሆነ፤ በዚያው ዓመት በዋዉ የተወለደው ሉዎል ዴንግ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ግብፅ ተሰድዶ ከቦል የጨዋታውን ሀ ሁ ተማረ፣ ወደ ለንደንና ወደ አሜሪካ ተሻግሮም በቺካጎ ቡልስ ሁለት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። የአገሪቱ ፌዴሬሽን የዓለም ቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ ማለትም የፊባ፣ አባል የሆነው በታኅሣሥ 2013፣ ጦርነቱ በፈነዳበት ወር ነበር። ዴንግ በ2019 ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተመረጠ በኋላ ከራሱ ኪስ ጭምር እያወጣ ያዋቀረው ቡድን በ2021 በአፍሪካ ሻምፒዮና ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ በ2023 የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ቡድኖች የተሻለውን ደረጃ ይዞ ለኦሎምፒክ አለፈ፤ በሐምሌ 2024 በለንደን የወዳጅነት ጨዋታ ለአሜሪካ የተሸነፈው 101 ለ 100 ሲሆን፣ ከስምንት ቀን በኋላ በኦሎምፒኩ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ረታ። ይህ ከዘመናችን የስፖርት ታሪኮች ሁሉ ልብን የሚያሞቅ ነው፤ ነገር ግን የብሔራዊ ቡድን ታሪክ እንጂ የክለብ ታሪክ አይደለም። ተጫዋቾቹ የበቀሉት በካምፓላ፣ በአውስትራሊያ፣ በአሜሪካና በስደተኛ ካምፖች ሲሆን፣ በ2025 የኤን.ቢ.ኤ. ምልመላ በአሥረኛ ደረጃ የተመረጠው ኻማን ማሉዋችም በካምፓላ አድጎ፣ በሴኔጋል የኤን.ቢ.ኤ. አካዳሚ ሰልጥኖ በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ ወጣት ነው።

የክለቡን ወገን የሚወክለው የጁባው ኮብራ ስፖርት ነው። ኤን.ቢ.ኤ. እና ፊባ በጋራ ያቋቋሙት የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ2021 በኪጋሊ በአሥራ ሁለት ክለቦች ተጀመረ፤ ቋሚ ቦታ ያላገኙ አገሮች ሻምፒዮኖች በማጣሪያ የሚገቡበት ሥርዓት ስላለው፣ ኮብራ በዚያ መንገድ አልፎ በ2022 በካይሮ በተካሄደው የናይል ምድብ ለመሳተፍ በቃ። ጨዋታዎቹ በሙሉ በካይሮ ስለነበሩ የጁባ ሕዝብ ክለቡን በሜዳው አላየውም፤ ከ2023 እስከ 2025 ባሉት ሦስት የውድድር ዘመናትም ከጁባ የሄደ ክለብ በዋናው ውድድር አልታየም። በአንጻሩ ኪጋሊ አሥር ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ በ2019 ስለሠራች፣ የሊጉ የመጀመሪያዎቹ አራት ዋንጫዎች የተወሰኑት በእርሷ ነው። በጁባ ግን፣ ዴንግ በአደባባይ እንደተናገረው፣ ብሔራዊ ቡድኑ ለኦሎምፒክ ሲያልፍ እንኳ የሚለማመድበት ጣሪያ ያለው ሜዳ አልነበረም። ሊጉ አዲስ አገርን በካርታው ላይ ሲጨምር፣ ለዚያች አገር ቢያንስ አንድ የሜዳ ጨዋታ ወይም ለአዳራሽ የሚሆን ድርሻ የማይመድብ ከሆነ፣ የሚያስፋፋው የራሱን ስም ነው።

እግር ኳሱ በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ቀድሟል። የጁባ ስታዲየም ታድሶ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎችን እንደገና ሲቀበል፣ በመስከረም 10 ቀን 2024 ደቡብ አፍሪካ በዚያ 3 ለ 2 ያሸነፈችው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በተቆጠረ ጎል ነበር፤ በኅዳር 14 ደግሞ ደቡብ ሱዳን በዚያው ሜዳ ኮንጎን 3 ለ 2 ረታች። ማላኪያና አትላባራ ዳግም ለአህጉራዊ ውድድር ሲያልፉ ተጋጣሚዎቻቸውን በዚህ ስታዲየም ማስተናገድ ይችላሉ፤ ኮብራ ግን እንዲህ ያለ ቤት ገና ይጠብቃል።