አቢሲኒያን ድመትና የዘር ሐረጉ መዝገብ

አቢሲኒያን የሚባለው ድመት የዘር ሐረጋቸው በመዝገብ ከተያዘላቸው ቀደምት የድመት ዝርያዎች አንዱ ነው። ጠጉሩ አጭር፣ ጆሮው ትልቅ፣ ሰውነቱ ሸንቃጣ ነው። ከጀርባው አንዲት ጠጉር ነቅሎ በብርሃን ፊት ለያዘ ሰው ልዩ ምልክቱ ይታየዋል፦ በአንዷ ጠጉር ላይ ፈዛዛና ጠቆር ያለ ቀለም እየተፈራረቀ ይወርዳል፤ ጫፏ ጠቆር ይላል። እንግሊዞች በጥንቱ ጊዜ ከጥንቸል ጋር እያመሳሰሉ ይጠሩት የነበረው በዚህ ጠጉሩ ነው።

ስሙን ያወጣለት ጦርነት ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቦምቤይ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወረደ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው በዚያው ዕለት ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ ከመቅደላ የዘረፈው የብራና መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ብዙ ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪምና ደራሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመቶች መጽሐፍ ውስጥ ከዚያ ጦርነት ማብቂያ በኋላ ከአቢሲኒያ መጣች ያላትን የአንዲት ድመት ሥዕል አወጣ። የአንድ እንግሊዛዊ ካፒቴን ባለቤት ድመት ነበረች፤ ስሟም ዙላ ነው። ራሷ ትንሽ ናት፤ የዛሬው ትልቅ ጆሮና ትልቅ ዓይን አይታይባትም።

ከዙላ ከሠላሳ ዓመት በፊት ግን በኔዘርላንድስ የላይደን ቤተ መዘክር ተመሳሳይ ጠጉር ያለው፣ ቆዳው ተሞልቶ የተቀመጠ ድመት ገዝቶ ነበር። መግለጫው ላይ የተጻፈው አገር ሕንድ ነው። በኋላ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶችም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታሉ። የናፒየር መርከቦች በሕንድና በዙላ መካከል ይመላለሱ እንደነበር ሲታሰብ፣ ድመቷ ከተጫነችበት የመጨረሻ ወደብ ስም ወጥቶላት ይሆናል ማለት ከእውነት የራቀ አይመስልም። ያኔ የዘር ሐረግ የሚጽፍ አልነበረም።

የዘር ሐረግ መጻፍ የተጀመረው ከድመት ትርኢት በኋላ ነው። ሠዓሊው ሃሪሰን ዌር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1871 በለንደን ክሪስታል ፓላስ ትልቅ የድመት ትርኢት አዘጋጀ። ፍላጎቱ ግልጽ ነበር፤ በየጓዳው አይጥ ከመያዝ በቀር ዋጋ ያልነበራት ድመት እንድትከበርና በደንብ እንድትያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተው ብሔራዊ የድመት ክበብ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ግን አባላቱ ከድመቶቹ ደኅንነት ይልቅ ሽልማት ያሳስባቸዋል ብሎ ክበቡን ለቀቀ። ይህ ቅሬታው ዛሬም ድረስ የድመት አርቢነት ሙያ ትልቁ ጥያቄ ነው።

ክበቡ እ.ኤ.አ. በ1896 ሁለት አቢሲኒያኖችን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ የእንግሊዝ ክበቦች በአንድ የበላይ ምክር ቤት ሥር ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲያ ከታወቀ አርቢ የሚወሰድ ግልገል የእናት አባቱና የአያት ቅድመ አያቶቹ ስም የሠፈረበት ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱ የክብር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ከዘመዱ እየተጣመረ ዝርያው እንዳይዳከም መጠበቂያ ነው።

አቢሲኒያን ይህን ጥበቃ የሚሻው በቁጥር ብዙ ስላልነበረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የቀሩት ደርዘን ያህል ብቻ ነበሩ። ጥቂት ሲያንሰራሩ ደግሞ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ መጣባቸው። ቫይረሱን እ.ኤ.አ. በ1964 ግላስጎ ላይ ያገኘው የእንስሳት ሐኪሙ ዊሊያም ጃሬት ነው። በምራቅ ስለሚተላለፍ፣ ድመቶች በአንድ ሳህን በሚበሉበትና እርስ በርስ በሚላላሱበት የአርቢ ቤት አንዷ ከታመመች ሌሎቹን ታዳርሳለች። የደም ምርመራው ሲገኝ፣ ሳይመረመሩ ድመት ማጣመር በጥሩ አርቢዎች ዘንድ ነውር ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የዘረመል ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የድመት ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ የተመረጠችው ሲናሞን የምትባል አቢሲኒያን ናት፤ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የምትኖር፣ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የዘር በሽታ ያለባት ድመት ነበረች። ዝርያው ቀይ የደም ሕዋስን ያለጊዜው የሚያፈርስ ሌላም የዘር ችግር አለበት። ሁለቱም ችግሮች የሚገለጡት የተበላሸው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ስለዚህ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሱት ሁለት ተሸካሚዎች ሲጣመሩ ከአራት ግልገል አንዱ ሊታመም ይችላል፤ ተሸካሚው ተሸካሚ ካልሆነ ጤነኛ ጋር ከተጣመረ ግን የሚታመም አይወለድም። አስተዋይ አርቢ ተሸካሚዎችን በሙሉ ከእርባታ አያወጣም፤ እንዲያ ካደረገ ድሮም ጠባብ የሆነው ዘር ይብስ ይጠባል።

ግልገል የማስረከብ ልማዱም እንዲሁ እያደር የጸና ነው። የእንግሊዙ ምክር ቤት 13 ሳምንት ያልሞላው ግልገል ከአርቢው ቤት እንዳይወጣ ይጠይቃል። ከእናት የሚወረሰው መከላከያ እስኪቀንስ ክትባት በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ በ9 እና በ12 ሳምንት ገደማ ይከተባል፣ ሁለተኛው እስኪጸና አንድ ሳምንት ይጠበቃል። ግልገል ሰውን የሚላመደው ግን ቀደም ብሎ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ በሰው እጅ ያልተዳሰሰ፣ የልጆች ጫጫታና የወጥ ቤት ኳኳታ ያልሰማ ግልገል አድጎም ድንጉጥ ይሆናል። ልምድ ያለው ወሳጅ ግልገሉን ከእናቱ ጋር፣ ባደገበት ቤት ሳያይ አይስማማም፤ ጥሩ አርቢም በተራው ወሳጁን ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራ ሰዓቱ፣ ስለ ሌሎች እንስሳቱ ይጠይቃል። ብዙዎች ድመቱ እንዲመከንና ወሳጁ ማኖር ካቃተው ለአርቢው እንዲመለስ በውል ያስፈርማሉ።

ልማዱን ሕግ ተከተለው። ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ ነጋዴ ስድስት ወር ያልሞላውን ግልገል ከሌላ ገዝቶ መሸጥ አይችልም፤ ወሳጁ ከአርቢው ወይም ከእንስሳት መጠለያ በቀጥታ ይወስዳል። ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህም በሰው ቤት የሚኖር ድመት ሁሉ 20 ሳምንት ሳይሞላው ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ይገባለታል፤ የባለቤቱ አድራሻም በመዝገብ ይያዛል።