ያልተዘጋው ቦይ፦ ዜና አንቶኒ ኤደን

የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ወርዶ በሚያልፍበት አጥቢያ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ መንግሥት በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ሊያልቅ ሲል ድንኳን በየቦታው ተተከለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ24ኛው ቀን ወደ ጅቡቲ ሄደው ነበርና ከተማው በዝርፊያና በእሳት ሲታመስ የየአገሩ ሰው ነፍሱን ይዞ ወደዚህ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ገባ፤ ከህንድ የመጡ የሲክ ወታደሮችም ዙሪያውን ይጠብቁ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ያዘ። በዚያ ወራት የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ነበረ፤ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲባል ኖሯል። እኔ ግን ስሙ በግማሽ ብቻ ይገባዋል እላለሁ፤ ምስክሬም የስዊዝ ቦይ ነው።

ኤደን በ1889 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በዱራም ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ወንድሞቹ ሞቱ፤ እርሱም ተዋግቶ በጀግንነቱ ተሸለመ። ከዚያ በኦክስፎርድ ፋርስኛና ዐረብኛ ተምሮ በ26 ዓመቱ ፓርላማ ገባ። በሰኔ 1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒን ሊያግባባ ሮም ወረደ፤ ይዞት የሄደውም እንግሊዝ ዘይላን ለኢትዮጵያ እንድትሰጥ፣ ኢትዮጵያም በምትኩ ከኦጋዴን ለጣሊያን እንድትለቅ የሚል ነበር። ሙሶሊኒ አልተቀበለም። በኅዳር 1928 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ኢትዮጵያን ሊቆርስ ሲዋዋል ተገለጠና የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጥቶ አስወረደው፤ በወንበሩም ታኅሣሥ 12 ቀን ኤደን በ38 ዓመቱ ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ተስፋ አደረገበት። ነገር ግን በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ ነዳጅ ደግሞ የጦር አውሮፕላኑና የካሚዮኑ ነፍስ ነበር። ወታደሩ፣ መድፉ፣ የመርዙ በርሜል ሁሉ የእንግሊዝ ጦር በሚጠብቀው ቦይ አልፎ ምፅዋ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱም ሲሰደዱ ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሃይፋ የተጓዙት በዚያው ቦይ ነው፤ ወራሪውን ያሳለፈ ውኃ ተወራሪውንም አሳለፈ። ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ አቤት ሊሉ፣ ኤደን ሰኔ 11 ቀን አስቀድሞ ማዕቀቡ ይነሣ ብሎ በፓርላማ ተናግሮ ነበር።

ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለማንኛውም መርከብ ክፍት እንዲሆን በ1881 ዓ.ም. የተፈረመ ውል ኤደንን አስሮታል የሚል ይኖራል። የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን ግን ከእርሱ ጋር የሚጋጨውን የቀድሞ ውል ሁሉ አባላቱ በመካከላቸው እንደ ተሻረ ይቁጠሩት ይል ነበር። ፈረንሳይ ወደ ኋላ ማለቷ፣ ሂትለርም መነሣቱ እውነት ነው፤ ይህ ፍርሃቱን ያስረዳል እንጂ ወዳጅነቱን አያስረዳም። ስለ ኢትዮጵያ ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ የሚሉም አሉ። የካቲት 13 ቀን 1930 ዓ.ም. መልቀቁ የታወቀ ነው፤ ከሁሉ በላይ የተጣላበት ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻምበርሊን የጣሊያን ወታደር ከስፔን ሳይወጣ ከሙሶሊኒ ጋር ለመደራደር መቸኮሉ ነበር።

የሚገባውን ግማሽ አልነሣውም። ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት ቢመለስ እንግሊዝ ደስ ይላታል፣ የንጉሠ ነገሥቱንም የዙፋን መብት ታውቃለች ብሎ፣ ወደ ሚኒስትርነቱ ተመልሶ፣ በፓርላማ የተናገረው እርሱ ነው። ያ ቃል አገራችን እንደ ተማረከ የጣሊያን ግዛት እንዳትታይ በእጅጉ ረድቷል። ሆኖም የጥር 1934 ውል ለእንግሊዝ ብዙ የበላይነት ሰጠ፤ በታኅሣሥ 1937ቱ ውልም ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆየ። በሁለቱም ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤደን ነበረ።

መጋቢት 28 ቀን 1947 ዓ.ም. የቸርችልን ወንበር ወረሰ። በሐምሌ 1948 የግብፁ መሪ ናስር የስዊዝን ቦይ ኩባንያ ሲወርስ ኤደን አዲስ ሙሶሊኒ ተነሣ አለ። ከናስር ጋር ሊነጋገሩ ካይሮ ከሄዱት አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የተላኩትም አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ ቦዩ ሳይዘጋላት የተወረረችው አገር ልጅ ስለዚያው ቦይ ሰላም ሊያወርድ ተቀመጠ። ኤደን ግን ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር በምስጢር ተማከረ፤ ጥቅምት 21 ቀን 1949 ዓ.ም. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ግብፅን ደበደቡ። በ1928 በቦዩ ዳር የታየው ጥንቃቄ የት እንደ ሄደ ጠያቂ ይጠይቅ። አሜሪካ ተቃወመች፣ ፓውንዱ ተናጋ፣ ቦዩም ግብፆች ባሰጠሟቸው መርከቦች ተዘጋ። ጥር 1 ቀን ኤደን ታምሜአለሁ ብሎ ሥልጣኑን አስረከበ።

በእንግሊዝ ታሪክ የሚፈረድበት በ1949ኙ ጦርነት ነው። በእኛ ዘንድ ግን በ1928 ኃይል በእጁ ሳለ ቦዩን ክፍት በመተዉ ሊፈረድበት ይገባል።